እግር የሌለው አብሽር

ሰው ገንዘቡን ይሰረቃል፣ ስልኩን ይሰረቃል፤ የደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈሯ ባይነሽ ገብሬ ግን የተሰረቀችው ድምጿን ነው። ይህን ስናገር የሚስቅ አለ። ይሳቅ፤ እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ። ከቤቷ ፊት ለፊት ሱቅ ያለኝ ጎረቤቷ ነኝ፤ የነገሩን መጀመሪያ ከአፏ የሰማሁት አፏ ገና ይሠራ በነበረበት ጊዜ ነው። የወሰደባት ደግሞ የሰፈር ሌባ እንዳይመስላችሁ። የገዛ ቤተ ክርስቲያኗ ሰው ነው፤ ከእሑድ አምልኮ በኋላ፣ እጇን ይዞ፣ "ጸጋ አለሽ" እያለ ወሰደባት።

ባይነሽ የአንድ ሥራ ተቋራጭ ድርጅት የፕሮጀክት አስተባባሪ ነበረች። ቢሮዋ ደሴ ፒያሳ ነው፤ የምታሠራው ግን ታች ኮምቦልቻ፣ መጋዘንና ፋብሪካ ነው። አስተባባሪ የሚለው ስም ትልቅ ይመስላል እንጂ ሥራው ልመናና ጭቅጭቅ ነው። ሲሚንቶ ያዘገየውን ነጋዴ ሲሚንቶ ካጣው ግንበኛ፣ የተኮራረፈውን አናጢ ከብረት ሠራተኛው እያስታረቁ ሕንፃው እንዲቆም ማድረግ ነው። እሷ ለዚህ የተፈጠረች ነበረች። ፎርማኑ ሁሉ በስልክ "ነገ ኢንሻአላህ" ይላታል፤ የትኛው ኢንሻአላህ ነገ እንደሚደርስ፣ የትኛው ለከርሞ እንደሆነ ከአተነፋፈሱ ትለይ ነበር። መውሊድ ሲቃረብ ግማሹ ሠራተኛ ወደ ገጠሩ እንደሚገባ ስለምታውቅ በዚያ ሳምንት የኮንክሪት ሙሌት አትይዝም። የማን ሚስት አራስ እንደሆነች፣ ማን ከማን ጋር ምሳ እንደማይቀርብ ታውቃለች። ይህ ሁሉ በየትኛውም የሥራ መርሐ ግብር ላይ አልተጻፈም።

አንድ ቃል ነበራት፤ "አብሽር"። ወሎ ላላደገ ሰው ልንገረው፣ አይዞህ እንደማለት ነው። ከዐረብኛ መጥቶ እኛ ጋ የቀረ ቃል ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይለዋል። እሷ ጴንጤ ናት፣ ያውም የመዘምራን አባል፤ ግን አፏን በከፈተች ቁጥር አብሽር ነው። የሰፈሩ ሰው "እህት ባይነሽ ትንሽ ቆይታ ዱዓ ታደርግልናለች" እያለ ይቀልድባት ነበር። ቃሉን የሰጠቻት ኡሙሰልማ የምትባል የሆጤ ሰፈር ጎረቤታቸው ናት። ባይነሽ ገና ልጅ ሳለች አባቷ ገብሬ ሲሞት፣ ያች ሴት "አብሽሪ" አለቻትና እጇን ይዛ ቤቷ ወሰደቻት፤ አበላቻት፣ አስተኛቻት፣ ትምህርት ቤት ላከቻት። ስለዚህ ባይነሽ ቃሉን ከነሥራው ነው የተማረችው። የሌላው ሰው አብሽር ከንፈር መምጠጫ ነው፤ ብሎህ ይሄዳል። እሷ አብሽር ካለች በኋላ ነጠላዋን አንስታ ችግሩ ወዳለበት ትሄዳለች።

አንድ ክረምት ብረት የጫነ መኪና ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው በሐረጎ ቁልቁለት ላይ ተበላሸና ኮምቦልቻ የመሠረቱ ሥራ ቆመ። የሳይቱ ፎርማን ጋሽ ኑርሁሴን ነበሩ፤ ሰላታቸውን የማያጓድሉ፣ ሲቆጡ ድምፃቸው ከሲሚንቶ ማቡኪያው በላይ የሚሰማ ሽማግሌ። ደውለው ጮኹባት። "አብሽሩ ጋሽ ኑርሁሴን" አለችና ስልኩን ዘጋች። ከሰዓት በኋላ አንድ አይሱዙ የሳይቱን በር አልፎ ገባ፤ ባይነሽ ከላይ ብረቱ ላይ ተቀምጣለች፣ ቀሚሷ በዝገት ቀልቷል። ጋሽ ኑርሁሴን ጭንቅላታቸውን ይዘው ሳቁ።

"ወላሂ፣ የዚች ልጅ አብሽር እግር አለው!" አሉ።

አባባሉ ከሳይት ሳይት ዞረ። ኮምቦልቻ ላይ ባይነሽ አብሽር ካለች ነገሩ እንደደረሰ ይቆጠር ነበር። ሀብቷ ይኸው ነው። ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ የምትኖረው በኪራይ ነው፤ ቃሏ ግን ይታመናል።

ከዚያ አሞጽ መጣ። የድርጅቱ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ እንደ እሷው ጴንጤ፣ አዲስ አበባ የተማረ፣ ጫማው ጭቃ የማያውቅ ወጣት። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን ይዞ መጣ፤ ስሙን "ረዳት" አሉት። እውነቱን ካልተናገርኩ ሐሜት ይሆንብኛል፤ ረዳት ጎበዝ ነበር። ባይነሽ ቀኑን ሙሉ የምትለፋበትን መርሐ ግብር ሻይዋ ሳይቀዘቅዝ ይሠራዋል። ሲሚንቶ ከገበያ ሊጠፋ መሆኑን ከነጋዴዎቹ ቀድሞ ነገራት። የቱ ሥራ እንደሚዘገይ፣ የቱ ላይ አደጋ እንዳለ በቀይና በአረንጓዴ ለይቶ ያስቀምጣል። እሷም ወደደችው። "እንግዲህ ለእኔ የቀረኝ እግሬ ብቻ ነው" ብላ ቀለደች። ያ ቀልድ አሞጽ ጆሮ ውስጥ ገብቶ ኖሯል።

ረዳትን አንድ ነገር ብቻ አቃተው፤ ፎርማኖቹን ማናገር። በጽሑፍ ሲጠይቃቸው አይመልሱም። በእንግዳ ድምፅ ሲደውልላቸው "ማነህ አንተ? ባይነሽን አገናኘኝ" ብለው ይዘጉበታል። ስለዚህ አሞጽ አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ባይነሽን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ያዛት።

"እህት ባይነሽ፣ ድምፅሽ ጸጋ ነው። ጌታ የሰጠሽ ለአንቺ ብቻ አይደለም። ለረዳት ብታውሽው ምን አለበት? አንቺ አርፈሽ ትቀመጫለሽ፣ እሱ ይደውላል።"

"እኔን መስሎ?"

"አንቺን ሆኖ።"

ሳቀች፤ ደስም አላት። ቢሮው ውስጥ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደው ብዙ ዓረፍተ ነገር አስነበቧት። የቆዩ የስልክ ንግግሮቿንም ሁሉ ለማሽኑ አስገቡለት። ሥራው ሲያልቅ አሞጽ ስልክ ደውሎ ሰጣት። "እንደምን ዋልሽ እህቴ? ባይነሽ ነኝ፤ ሥራው የት ደረሰ?" አለቻት ራሷ ለራሷ። ወደ እኔ ሱቅ መጥታ ስትነግረኝ ክንዷን ታሽ ነበር። "ጎበዝ ናት" አለችኝ፣ "ከእኔ ይልቅ ትግባባለች።" ያን ጊዜ ነው የሳቅሁት።

ማሽኑ ከንግግሮቿ አንድ ትምህርት ቀስሟል። አሞጽ በኩራት ነገራት። "ችግር ያለበት ሰው 'አብሽር' የሚለውን ከሰማ በኋላ ደግሞ አይደውልም። ጉዳዩ ይዘጋል። ከቃልሽ ሁሉ ውጤታማው ይኼ ነው!" ሰዎቹ ደግመው የማይደውሉት እሷ ሄዳ ችግሩን ስለምትፈታላቸው እንደሆነ ማሽኑ ከየት ይወቀው? የቀዱላት አፏን ነው፤ እግሯን ማን ቀዳላት። አሞጽ ግን ሰው ነበር፤ ቢፈልግ ያውቀው ነበር።

ክረምት ሊገባ ሲል አሰናበቷት። "ድምፅሽ ሁልጊዜም ከእኛ ጋር ነው" አላት አሞጽ፣ ምርቃት መስሎት። አንድ ነገር ደግሞ ለመናት፤ ለፎርማኖቹ እንዳትነግራቸው። ካወቁ ለማሽን አንታዘዝም ይላሉ፣ ሥራው ይበላሻል። በመስከረም አዲስ ፕሮጀክት ሲከፈት እንመልስሻለን አላት። እሷም ዝም አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ባይነሽን የበላት ግን ከአፏ ሳይወጣ የቀረው ነው።

ሐምሌ ላይ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ውስጥ ከጋሽ ኑርሁሴን ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

"ባይንዬ! አላህ ይስጥሽ ልጄ" አሏት። "በዒዱ ዕለት ከሰው ሁሉ ቀድመሽ ደወልሽልኝ። ሚስቴ ሐዋም ሰምታ መረቀችሽ። ሰሞኑን ግን ሳይት ብቅ አላልሽም፣ አሞሽ እንዴ?"

በዒድ አልደወለችላቸውም። እውነቱ ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ነበር፤ ጋሼ፣ አስወጥተውኛል፣ የሚደውልልዎት ማሽን ነው። ከዚያ መስከረም ትዝ አላት።

"አብሽሩ ጋሽ ኑርሁሴን፣ ደኅና ነኝ" አለች፤ ሚኒባሱም ሊነሳ ስለነበር ገባች።

እግር የሌለውን አብሽር መጀመሪያ ያለችው እንግዲህ እሷ ናት። ይህን የምለው ጠልቻት አይደለም። እወዳታለሁ፤ ለዚህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ነሐሴ ላይ ኮምቦልቻ ዝናቡ አላባራ አለ። ሳይቱ ላይ ለፍሳሽ የተቆፈረው ቦይ ከሰው ቁመት በላይ ጠልቋል፤ ጎኑን ደግፎ የሚይዘው እንጨት ግን ደሴ መጋዘን ውስጥ ነበር። ረዳት አንድ ጠዋት ዝናቡ እንደሚበረታ ተንብዮ፣ ቀይ አድርጎ ለአሞጽ ጽፎለታል። አሞጽ ስብሰባ ላይ ነበር። የቀረውን የነገረኝ ግንበኛው ሙንዚር ነው። የቦዩ አንድ ጎን ሲሰነጠቅ ጋሽ ኑርሁሴን ሠራተኛውን ሁሉ አስወጡ። እጃቸው በጭቃ ተለውሶ ስለነበር ሙንዚር ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያዘላቸው። የደወሉት ባይነሽ ሁልጊዜ በምትደውልበት በዚያው በቢሮው ቁጥር ነው።

"ባይንዬ፣ አፈሩ እየተሰነጠቀ ነው! የድጋፍ እንጨቱ ዛሬ ካልደረሰ ይኼ ቦይ ሰው ይበላል። በነቢ ይዤሻለሁ!"

"አብሽሩ ጋሽ ኑርሁሴን። ጉዳዩን ይዤዋለሁ።"

ድምፁ ሞቅ ያለ ነበር ይላል ሙንዚር፣ ልብ የሚያሳርፍ። ሽማግሌው በረጅሙ ተነፈሱ። "ባይነሽ ካለች እንጨቱ ሐረጎን ወርዷል" አሉ። ሠራተኛው ቆርቆሮው ሥር ተጠልሎ እንዲቆይ አዘዙ። እሳቸው ግን መኪናው ሲደርስ ጊዜ እንዳይባክን፣ እንጨቱ የሚቆምበትን ሥር ልጥረግ ብለው አካፋ አነሱ። ሙንዚር "ጋሼ፣ ይቅርብዎ" አላቸው።

"ልጅቷ መንገድ ላይ ናት እኮ! እጄን አጣጥፌ ትድረስብኝ?" ብለውት ወረዱ።

አፈሩ ተናደ። በአካፋም በእጅም ቆፍረው ሲያወጧቸው አፋቸውን ጭቃ ሞልቶት ነበር። እንጨቱ ከደሴ አልተነሳም፤ ይነሳ ያለም የለም። ረዳት ዘንድ ጉዳዩ ተዘግቶ አረንጓዴ ሆኗል፤ ባለጉዳዩ ደግሞ አልደወለምና።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሐዘንተኛው ተቀምጦ ሳለ፣ ለሚስታቸው ለሐዋ የተሰጠው የሟች ስልክ ጠራ። አነሳችው።

"እንደምን አደሩ ጋሽ ኑርሁሴን? ባይነሽ ነኝ። ትናንት ያነሱት ጉዳይ ተዘግቷል። ዛሬ ቁፋሮው የት ይደርሳል?"

"ሞተ እኮ!" ብላ ጮኸች ሐዋ። "ኑርሁሴን ሞተ! ትናንት ቀበርነው!"

ከስልኩ ያው ድምፅ መለሰላት።

"አብሽሩ ጋሽ ኑርሁሴን። ጉዳዩን ይዤዋለሁ።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ባይነሽ የሰማችው ጋሽ ኑርሁሴን አፈር ተንዶባቸው መሞታቸውን ብቻ ነበር። በዚያው ቀን እያለቀሰች ወረደች፤ እኔም አብሬያት ሄድኩ። ሐዋ የባይነሽን ፊት አይታው አታውቅም። ባይነሽ ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ሐዋ እግር ሥር ተንበረከከች፣ እጇን ያዘች፣ ወሎ ያሳደገው ሰው በሐዘን ቀን የሚለውን አለች።

"አብሽሪ ሐዋ። አብሽሪ እህቴ።"

ሐዋ እጇን መነጨቀች።

"ይች ናት" አለች። "ይችው ናት፣ ጠዋት ሬሳውን ሥራ የት ደረሰ ብላ የጠየቀችው።"

ባይነሽ የተባለችው አልገባትም። ሙንዚር ተነስቶ ትናንት በስልኩ የሰማውንና ጠዋት ሐዋ የሰማችውን ነገራት። ያን ጊዜ ፊቷ አመድ መሰለ። እኔ አይደለሁም፣ ማሽን ነው፣ እኔ ከወጣሁ ቆይቻለሁ እያለች ለፈለፈች። ሐዋ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

"መናኸሪያ አግኝቶሽ ነበር" አለቻት። "ቤት ገብቶ ባይነሽን አየኋት ብሎ ደስ ብሎት ነግሮኛል። ያን ጊዜ ነገርሽው?"

ባይነሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ሽማግሌዎቹ ክንዷን ይዘው በክብር አስወጧት፤ የእኛ አገር ሰው ለቅሶ ቤት አይሰድብም። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። አስፋልቱ ዳር ተቀምጣ ጮኸች። በእነሱ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ማልቀስ አይወደድም፤ ማን ይከልክላት? ሚኒባስ ውስጥ ጮኸች፣ ቤቷ ገብታም ጮኸች፣ ቀናት እንደዚያው ሆነች። በመጨረሻ ድምጿ ተዘጋ። ሐኪሙ ጉሮሮዋ ክፉኛ ተጎድቷል፣ ወደ ነበረበት መመለሱንም እንጃ አለ። የቀራት እንደ ሹክሹክታ ያለ ሻካራ ነገር ነው።

በዚያው ሻካራ ነገር አሞጽ ዘንድ ሄደች።

"ድምፄን መልስልኝ" አለችው።

"እህት ባይነሽ፣ እኔም ስለ ቤተሰቡ እየጸለይኩ ነው" አላት። ድርጅቱ አጣርቶ ፎርማኑ የደኅንነት መመሪያ ጥሰው መውረዳቸውን እንደደረሰበት ነገራት። ድምፁን አሁን ቢቀይሩት ፎርማኖቹ ግር ይላቸዋል፤ ፕሮጀክቱ ደግሞ ቀድሞውንም ዘግይቷል። "ማሽኑን ግን አስተካክለነዋል" አላት።

"ምኑን?"

"ሰው ሞተ ሲሉት 'ነፍስ ይማር' እንዲል አድርገነዋል።"

አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም። ባይነሽ ሌላ ቃል ሳትጨምር ወጣች። ኮምቦልቻ ወርዳ ለአዲሱ ፎርማን ራሷ ልትነግረው ቆረጠች፤ ቢያንስ አንድ ሰው ቃሉ የእሷ እንዳልሆነ ይወቅላት። ከጋሽ ኑርሁሴን ሞት በኋላ ሙንዚርም ሌሎቹም ሳይቱን ጥለው ሄደዋል። ጣሀ የሚባል ፎርማን አዳዲስ ሠራተኛ ይዞ ከሌላ አገር መጥቶ ነበር፤ ባይነሽን በስልክ እንጂ በአካል አያውቃትም። ዘበኛው እኔን በር ላይ አስቀርቶ እሷን አስገባት። ውስጥ የሆነውን ስንመለስ ነገረችኝ፤ ጆሮዬን አፏ ሥር አድርጌ ነው የሰማሁት።

ጣሀን ያገኘችው ቦዩ አፋፍ ላይ ነው።

"ባይነሽ ነኝ" አለችው።

አልሰማትም፤ ጎንበስ አለላት። ደገመችለት።

"የቢሮዋ ባይነሽ?" አለና ነጠላዋን ዘቅዝቃ መልበሷን አየ። "ሐዘን ላይ ነሽ መሰለኝ እህቴ። አላህ ያጽናሽ።"

"እሷ እኔ ነኝ። የሚደውልልህ ማሽን ነው።"

ስልኩ ጠራ። ጣሀ እጁን አንስቶ ዝም እንድትል ምልክት ሰጣት።

"እንደምን ዋልክ ጣሀ ወንድሜ? ባይነሽ ነኝ፤ ሥራው የት ደረሰ?" የራሷ ድምፅ ነው፤ ጤነኛ፣ ጥርት ያለ፣ ምንም ያላለቀሰ።

"ውሃው ቦዩን እየሞላው ነው፣ ፓምፑም ተበላሽቷል" አለ ጣሀ። "ጎኑ ላይ ደግሞ ስንጥቅ አይቻለሁ።"

"አብሽር ጣሀ። ጉዳዩን ይዤዋለሁ።"

በረጅሙ ተነፈሰና ፓምፑን ወርዶ ሊያይ የጎማ ቦቲውን አነሳ። ባይነሽ እጅጌውን ጨምድዳ ያዘች። ለመጮኽ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ትንፋሽ ነው።

"አትውረድ" አለችው። "ማንም አይመጣም። ባይነሽ እኔ ነኝ።"

ጣሀ ሳይቆጣ፣ ለታመመ ሰው እንደሚደረገው፣ ጣቶቿን ቀስ አድርጎ ከእጅጌው ላይ አላቀቀ።

"ተይ እንጂ እህቴ" አላት። "ባይነሽንማ በድምጿ አውቃታለሁ።"

ቦቲውን አጥልቆ ወደ ቦዩ ወረደ።